ትንሿ ስፖርት መኪና መንገድ ላይ አልረጋ ስትል፦ ከጎማ እስከ አላይመንት የመፈተሻ ቅደም ተከተል

«መኪናዬ አትረጋም» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚላከው አላይመንት (የጎማ አቅጣጫና ማዕዘን ማስተካከያ) ቤት ነው። ይከፍላል፣ ይስተካከልለታል፣ በማግስቱ ከደሴ ወደ ኮምቦልቻ የሚወስደውን የሐረጎ ቁልቁለት ሲወርድ ግን መኪናዋ ያው ናት። አላይመንት የመጨረሻው ሥራ እንጂ የመጀመሪያው አይደለም። ቴስቲናዋ (የመሪው ዘንግ ጫፍ መጋጠሚያ) የላላ ወይም የብራቾ (ጎማውን ከሻንሲው የሚያያይዘው የታች ክንድ) ጎሚኒዋ የተሰነጠቀ መኪና ማሽን ላይ ልኳ ቢገኝም፣ ከግቢው ወጥታ የመጀመሪያውን ጉድጓድ ስትመታ ልኩ ተመልሶ ይበላሻል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ጎማ፣ ቸርኬ፣ የላላ ነገር፣ ሞላና አሞርዛተር፣ ከዚያ በኋላ አላይመንት ነው።

እዚህ የምንናገረው ስለ ቶዮታ ቪትዝና ያሪስ (አርኤስ የሚባለውን ስፖርት ዓይነት ጨምሮ)፣ ስለ ሱዙኪ ስዊፍትና ስዊፍት ስፖርት፣ ስለ መሰሎቻቸውም ነው፤ የፊት ጎማ የሚነዳቸው፣ ከፊት ማክፈርሰን ስትረት (ሞላና አሞርዛተር በአንድ ላይ የቆሙበት)፣ ከኋላ ቶርሽን ቢም (ሁለቱን የኋላ ጎማ የሚያገናኝ አንድ ብረት) ያላቸው ትንንሽ መኪኖች። አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ቪትዝ በፊትና በኋላ ጎማው መካከል 2,460 ሚሊ ሜትር አለው፤ የዚያ ዘመን ስዊፍት 2,390 ገደማ ነው፤ የ2000ዎቹ ኮሮላ ግን 2,600። አጭር መኪና ለመሪ ቶሎ ትታዘዛለች፣ ለንፋስና ለመንገድ ጉድለትም እንደዚያው። ከኮሮላ የወረደ ሰው የመጀመሪያውን ሳምንት «ትዋልላለች» ቢል ሁልጊዜ ብልሽት ነው ማለት አይደለም። ትናንት ያልነበረ ነገር ዛሬ ከመጣ ግን ምክንያት አለው።

1. መጀመሪያ ስሜቱን ለዩ

ጋራዥ ከመሄዳችሁ በፊት ማለዳ፣ መኪናና ከብት ሳይበዛ፣ ቀጥ ያለ አስፋልት ላይ ሞክሯት። ለደሴ ሰው ቦሩ ሜዳ ይቀርባል፤ ኮምቦልቻ ያለ ሰው ከከተማው ወጣ ብሎ ሜዳውን ይጠቀም። ቁልቁለትና ኩርባ ላይ አትፈትሹ፤ ሐረጎ ሁሉንም ስሜት ይደባልቀዋል። በ60 ከዚያም በ80 ንዱ፤ መሪውን ሳትለቁ እጃችሁን ቀለል አድርጉ። የምታገኙት ስሜት የት መፈለግ እንዳለባችሁ ይነግራችኋል፦

- መሪው ቀጥታ መንገድ ላይ ያለማቋረጥ ትንሽ ትንሽ እርማት ከጠየቀ፦ የጎማ አየር፣ የላላ ቴስቲና፣ ወደ ውጭ የተከፈተ የፊት ቶ (ቶ ማለት ጎማዎቹ ከላይ ሲታዩ ፊታቸው ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማየቱ ነው)።
- ከባድ መኪና የቦረቦረውን መስመር ይዛ መሄድ ከፈለገች፦ ሰፊ ጎማ ወይም ወደ ውጭ የወጣ ቸርኬ።
- መሪው ከታጠፈ በኋላ ወደ መሃል በራሱ የማይመለስ ከሆነ፦ ከላይ ያለው የስትረት ኩሽኔታ ወይም የደረቀ ቦል ጆይንት (ብራቾውን ከጎማው በኩል የሚያገናኘው ኳስ መሰል መጋጠሚያ)።
- ከ80 እስከ 110 ባለው ፍጥነት ብቻ መሪው ከተንቀጠቀጠ፦ ባላንስ፣ ቸርኬ ውስጥ የደረቀ ጭቃ፣ የተጣመመ ቸርኬ።
- ፍሬን ሲያዝ ብቻ ከተንቀጠቀጠ፦ ዲስክ። ይህ ከአላይመንት ጋር ምንም አያገናኘውም።
- ነዳጅ ሲረገጥ ወደ አንድ ጎን፣ ሲለቀቅ ወደ ሌላው ካለች፦ የብራቾው የኋላ ጎሚኒ።
- ኩርባ ውስጥ ኋላዋ ከቀለለና ሊወጣ ከፈለገ፦ የኋላ ጎማና የኋላ ቶ።

መንገዳችን ውሃ እንዲወርድለት ወደ ዳር ስለሚያዘነብል፣ በቀኝ የምትሄድ መኪና ቀስ እያለች ወደ ቀኝ ብትል ጤነኛ ናት። የሚያሳስበው ወደ ግራ መሳብ፣ ወይም እጅ እስኪደክም ወደ ቀኝ መሳብ ነው።

2. ጎማ

ከመጣው ቅሬታ ብዙው እዚሁ ያልቃል፤ ስለዚህ አትቸኩሉበት።

አየሩን መኪናዋ ቢያንስ ሦስት ሰዓት ከቆመች በኋላ ለኩ። ትክክለኛው ቁጥር የሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ በተለጠፈው ወረቀት ላይ አለ፤ ለእነዚህ መኪኖች ብዙውን ጊዜ በ30 እና በ36 ፒኤስአይ መካከል ነው፤ የፊቱና የኋላው ሊለያይ ይችላል። ጎማው ጎን ላይ የተጻፈው 44 ወይም 51 ጎማው የሚችለው ከፍተኛው ነው፤ የመኪናዋ ልክ አይደለም። «መንገዱ መጥፎ ነው፣ ጠንከር ይበል» ብሎ 42 የሚሞላ ጎሚስታ ለቸርኬው አስቦ ነው፤ ነገር ግን ቀላል መኪና በዚህ አየር የደሴን ኮብልስቶንም ሆነ የፒስታ መንገድ ሞገድ እየዘለለች ነው የምታልፈው፤ አየር ላይ ያለ ጎማ ደግሞ አይመራም። በተቃራኒው 24 ላይ ከወረደ የጎማው ጎን ይተጣጠፋል፣ መሪው ይዘገያል፣ ሹፌሩም አብዝቶ ያርማል።

ደሴ 2,500 ሜትር አካባቢ፣ ኮምቦልቻ 1,850 አካባቢ ከፍታ ላይ ናቸው። ደሴ የተሞላ ጎማ ኮምቦልቻ ሲወርድ የውጭው አየር ግፊት ስለሚጨምር ማኖሜትሩ ላይ አንድ ፒኤስአይ ገደማ ቀንሶ ይታያል። የኮምቦልቻ ሙቀት ግን ያንኑ ያህል ይመልሰዋል፤ በየ6 ዲግሪው አንድ ፒኤስአይ ገደማ ይጨምራል። ስለዚህ በሁለቱ ከተሞች መካከል ለምትመላለስ መኪና ማስተካከል አያስፈልግም። ስህተቱ የሚመጣው ሐረጎን ወርዳችሁ ወዲያው ስትለኩ ነው፤ ጎማውም ፍሬኑም ስለጋለ ቁጥሩ ከፍ ብሎ ይታያል። ያኔ ካስተነፈሳችሁ በማግስቱ ጠዋት አየሩ ጎድሎ ታገኙታላችሁ። በባቲ አድርጋችሁ ወደ ሚሌ የምትወርዱ ከሆነም በመንገድ ላይ አታስተንፍሱ፤ ጠዋት በበሩ ቁጥር ልክ ተነሱ።

ቀጥሎ መዳፋችሁን ጎማው ላይ ከውጭ ወደ ውስጥ፣ ከዚያ ከውስጥ ወደ ውጭ ጎትቱ። በአንዱ አቅጣጫ ለስላሳ፣ በሌላው እንደ መጋዝ ጥርስ ከነካችሁ ቶ ተበላሽቷል። የውስጥ ጠርዙ ብቻ ካለቀ ካምበር (የጎማው አናት ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበል) ወይም ቶ ነው፤ መኪናዋ ዝቅ የተደረገች ከሆነች ይህን ሳታገኙት አትቀሩም። በየቦታው ጎድጎድ ካለ አሞርዛተሩ ጎማውን መሬት ላይ አልያዘውም።

ዕድሜውን ጎኑ ላይ «ዶት» (DOT) ከሚለው ምልክት ቀጥሎ በመጨረሻ ካሉት አራት ቁጥሮች አንብቡ፤ 2319 ማለት በ2019 በ23ኛው ሳምንት ተሠርቷል ማለት ነው። ጥርሱ ሙሉ ሆኖ ጎኑ ሰንጥቆ የደረቀ አሮጌ ጎማ በክረምት የደሴ ጭጋግና ዝናብ ላይ ከሳሙና አይሻልም። በአንድ አክስል ላይ ሁለቱ ጎማዎች አንድ ዓይነት፣ በአንድ ልክ ያለቁ ይሁኑ። ሁለት አዲስ ብቻ ከገዛችሁ ከኋላ ግጠሟቸው። የሚነዳው የፊቱ ነው ብሎ ከፊት የሚያስገባ ብዙ ነው፤ ነገር ግን የፊቱ ሲንሸራተት መሪ ላይ ይሰማል፤ የኋላው ሲከዳ ማስጠንቀቂያ የለውም።

ወደ አንድ ጎን የምትስብ ከሆነ ከምንም በፊት የፊት ግራና ቀኝ ጎማውን አለዋውጡ (ጎኑ ላይ የአቅጣጫ ቀስት ያለው ካልሆነ)። ስበቱ ጎን ከቀየረ ጥፋቱ የጎማው ነው፤ አላይመንት አይፈታውም። የክሪክ ሥራ ብቻ ስለሆነ ወጪ የለውም።

ጎማ ላሰፋችሁ፦ ከ165/70 አር14 ወደ 195/45 አር16 ስትሄዱ ዲያሜትሩ ከአንድ በመቶ በታች ነው የሚለየው፤ የጎማው ጎን ግን ከ115 ወደ 88 ሚሊ ሜትር ያጥራል። ያ ያጠረው 27 ሚሊ ሜትር ቀድሞ የመንገዱን ጉድለት ይውጥ የነበረው ነው። አሁን እያንዳንዱ የአስፋልት ጠርዝ በቀጥታ መሪው ላይ ይደርሳል። ከባድ መኪና በሚበዛበት መንገድ ላይ የቦረቦረ መስመር ከመኪናዋ ጋር የሚታገለው በዚህ ነው። 175/65 አር14 ወይም 185/60 አር15 ለወሎ መንገድ ይበቃል፤ መልኩ ያንሳል ካላችሁ ያ ሌላ ጉዳይ ነው።

3. ቸርኬ፣ ዳዶ፣ ስፔሰር

ከኩታበር ወይም ከደላንታ በኩል በክረምት ከመጣችሁ በኋላ የጀመረ መንቀጥቀጥ ከሆነ ለባላንስ ከመክፈላችሁ በፊት ጎማውን ፈትታችሁ የቸርኬውን የውስጥ ገጽ እጠቡ። በአንድ በኩል የደረቀ የጡብ ያህል ጭቃ ማንኛውንም ባላንስ ያበላሻል። ሲታጠብ የውስጥ ከንፈሩን ተመልከቱ፤ ጉድጓድ ያጣመመው ቸርኬ ብዙ ጊዜ ከውጭ ደህና ነው የሚመስለው። ጎማውን በእጅ እያዞራችሁ አንድ ካቻቪቴ አስጠግታችሁ ብትይዙ ዝንፍ ማለቱን በዓይን ታያላችሁ።

ከፋብሪካ ያልመጣ ቸርኬ ከሆነ የመሃል ቀዳዳውን ለኩ። የቪትዝ ሃብ (ቸርኬው የሚቀመጥበት መሃል) 54.1 ሚሊ ሜትር ነው፤ ገበያ ላይ ያለው ቸርኬ ደግሞ ለብዙ መኪና እንዲሆን ብዙ ጊዜ 67 ወይም 73 ሆኖ ነው የሚሠራው። ክፍተቱን የሚሞላ ቀለበት ከሌለ ቸርኬው በዳዶዎቹ ብቻ ተንጠልጥሎ ትንሽ ከመሃል ይወጣል። ማሽኑ ላይ ባላንሱ ትክክል ነው፣ መንገድ ላይ ግን ይንቀጠቀጣል፤ ሰዉ ጎሚስታውን የሚከሰውም እዚህ ላይ ነው።

ዳዶ ላይ ሁለት ነገር አስተውሉ። የቶዮታ ጥርስ 12×1.5፣ የሱዙኪ 12×1.25 ነው። አንዱ በሌላው ላይ ሁለት ዙር ያህል ገብቶ ይነክሳል፤ በጉልበት ከተጠበቀ ጥርሱን ይቆርጠዋል። ሁለተኛ፣ ሾጣጣ መቀመጫ ላለው ቸርኬ ሾጣጣ ዳዶ፣ ጠፍጣፋ ለሆነው ጠፍጣፋ። ማጥበቂያው ለቪትዝና ለያሪስ 103 ኒውተን ሜትር ነው፤ ስዊፍት እንደ ሞዴሉ ስለሚለያይ መጽሐፉን ተከተሉ። ሁለት ሜትር ቱቦ ሰክቶ መቆም ቡሎኑን ይስበዋል፣ ዲስኩንም ያጣምመዋል። በመስቀለኛ አጥብቁ፤ ከ50 እስከ 100 ኪሎ ሜትር ከተነዳ በኋላ ድገሙት።

ስፔሰር (በሃብና በቸርኬ መካከል የሚገባ ብረት) ወይም ወደ ውጭ የሚወጣ ቸርኬ ለመኪናዋ መልክ ይሰጣል፤ ግን ጎማው መሬት የሚነካበት ነጥብ መሪው ከሚዞርበት መስመር ይርቃል። ከኢቲ 45 ወደ ኢቲ 25 መሄድ (ኢቲ ቸርኬው ሃብ ላይ የሚቀመጥበት ገጽ ከቸርኬው መሃል ያለው ርቀት ነው) ጎማውን 20 ሚሊ ሜትር ወደ ውጭ ያወጣዋል። ከዚያ በኋላ አንዱ የፊት ጎማ ውሃ ወይም ጠጠር ሲነካ መሪውን ከእጅ ይነጥቃል፤ ኩሽኔታም ቶሎ ይበላል። መኪናዋ በዚህ ምክንያት ነው የማትረጋው ከተባለ መፍትሔው ስፔሰሩን ማውጣት ነው።

4. የላላ ነገር ፍለጋ

ደሴ ውስጥ ተዳፋት ያልሆነ ግቢ ማግኘት ራሱ ሥራ ነው፤ ቢሆንም ፈልጉ። የኋላ ጎማዎችን በድንጋይ አስደግፉ፣ የእጅ ፍሬን ያዙ፣ በክሪክ ካነሳችሁ በኋላ የብረት መቆሚያ አስገቡ። ክሪክ ላይ ብቻ በቆመች መኪና ሥር ማንም አይግባ።

1. ጎማውን ከላይና ከታች ይዛችሁ ወደ ውስጥና ወደ ውጭ ነቅንቁ። ከተንቀሳቀሰ ረዳቱ ፍሬን ይርገጥ። ፍሬን ሲያዝ ከጠፋ ኩሽኔታ ነው፤ ካልጠፋ ቦል ጆይንት።
2. ከግራና ከቀኝ ይዛችሁ ነቅንቁ። ሌላው ሰው ጣቱን ቴስቲናው መጋጠሚያ ላይ ያድርግ፤ ዓይን የማያየውን ጣት ይይዘዋል። ጨዋታው ከራኩ (የመሪውን መዞር ወደ ጎማዎቹ ከሚያደርሰው ዕቃ) የላስቲክ ሽፋን ውስጥ ከመጣ የውስጠኛው መጋጠሚያ አልቋል።
3. ጎማው ሥር ረጅም ብረት አስገብታችሁ ወደ ላይ አንሱ። ቦል ጆይንቱ «ጠቅ» ካለ ይቀየር፤ ይህ የሚቀጠርለት ሥራ አይደለም።
4. ብረቱን በብራቾውና በሻንሲው መካከል አስገብታችሁ የኋለኛውን ትልቅ ጎሚኒ ግፉ። ከመሃሉ ተቀዶ ከሆነ ይከፈታል። ኮረኮንች በሚበዛበት አገር ቀድሞ የሚሞተው ይኸው ጎሚኒ ነው፤ ውጤቱም ፍሬን ስትይዙ ጎማው ወደ ኋላ፣ ነዳጅ ስትሰጡ ወደ ፊት መሄዱ ነው።
5. መኪናዋን አውርዳችሁ ኮፋኖ ክፈቱ። ረዳቱ መሪ ሲያዞር እጃችሁን የፊት ሞላ ላይ አድርጉ። ሞላው ተጠማዞ በድንገት ከዘለለ የላይኛው ኩሽኔታ ተይዟል።
6. ሞተሩ ጠፍቶ መሪውን ግራ ቀኝ ጥቂት ነቅንቁ። ጎማው ሳይንቀሳቀስ መሪው የሚጫወት ከሆነ ከመሪው ዘንግ ወደ ራክ የሚወርደውን መጋጠሚያ ተመልከቱ። መሪዋ ከቀኝ ወደ ግራ የተዛወረ መኪና ከሆነች ይህን መጋጠሚያና የራኩን ማሰሪያ ቡሎኖች ከሁሉ አስቀድማችሁ ፈትሹ።

ከኋላም እንዲሁ፦ ኩሽኔታውን፣ ቶርሽን ቢሙ ከሻንሲ ጋር የሚገናኝባቸውን ሁለት ትልልቅ ጎሚኒዎች፣ የአሞርዛተሩን ማሰሪያ። ብዙ መካኒክ የኋላውን ሳያይ ነው የሚያልፈው፤ መኪናዋ ኩርባ ላይ ኋላዋ ሲዘገይ የምትሰጠው ስሜት ግን ብዙ ጊዜ ከእነዚያ ጎሚኒዎች ነው።

የአሞርዛተር ፍተሻ የታወቀ ነው፤ ጥጉን ተጭናችሁ ልቀቁ፣ አንዴ ተነስቶ ካልቆመ ደክሟል። ዘይት ያፈሰሰ ከሆነ ጭራሽ መጫን አያስፈልግም። ሲቀየር ጥንድ ጥንድ ነው፤ አንድ አዲስና አንድ አሮጌ በአንድ አክስል ላይ መኪናዋን ያጎብጣሉ።

5. ዝቅ የተደረገች ከሆነች

ሞላ በግሪንደር ተቆርጦ ዝቅ የተደረገች መኪና ላይ የቀደሙትን ሁሉ ብትሠሩም ችግሩ አይለቅም። የተቆረጠ ሞላ ይጠነክራል፤ ጎማው ጉድጓድ ላይ ሲንጠለጠል ከመቀመጫው ሊላቀቅ ይችላል፤ አሞርዛተሩ ቀድሞውንም ታች ስለተቀመጠ ትንሽ ጉድጓድ እንኳ መጨረሻው ላይ ያስመታዋል። ከሁሉ የከፋው ግን ብራቾውና የመሪው ዘንግ ፋብሪካው ያስቀመጣቸውን ማዕዘን ማጣታቸው ነው። ሁለቱ እኩል ሲወጡና ሲወርዱ ጎማው ቀጥ ብሎ ይቆያል፤ ማዕዘናቸው ሲለያይ ግን በእያንዳንዱ ንዝረት ጎማው በራሱ ጥቂት ይዞራል። መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ ይዛችሁ መኪናዋ ትደንሳለች። ኮፋኖ ሥር የሚታሰር የስትረት ማገናኛ ብረት ይህን አይነካውም።

መፍትሔው የፋብሪካውን ሞላ መመለስ ነው። ዝቅታው የግድ ከሆነ ከ25 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ያልበለጠ፣ ለሞዴሉ የተሠራ ሞላ ከሚስማማው አሞርዛተር ጋር ይግባ።

6. አላይመንት

አሁን ሂዱ። ግማሽ ነዳጅ ይኑር፣ ከኋላ ጭነት አይኑር፣ የጎማ አየር የተስተካከለ ይሁን። ባለሙያውን የአራቱንም ጎማ ንባብ፣ ከመስተካከሉ በፊትና በኋላ፣ በወረቀት ጠይቁት። የፊቱን ብቻ ለክቶ «አለቀ» ካላችሁ ግማሹን ነው የሠራው።

መመልከት ያለባችሁ፦ የፊት ቶ ሁለቱ ጎማ ተደምሮ ከዜሮ እስከ 2 ሚሊ ሜትር ወደ ውስጥ። ወደ ውጭ ከተከፈተ መሪው ፈጣን ይመስላል፣ ቀጥታ መንገድ ላይ ግን ዕረፍት አይሰጥም። የኋላው ጥቂት ወደ ውስጥ መሆን አለበት፤ ወደ ውጭ የተከፈተ የኋላ ቶ ያላት አጭር መኪና ሐረጎ ኩርባ ላይ አደገኛ ናት። ካስተር (ከጎን ሲታይ ጎማው የሚዞርበት መስመር ማዘንበል) በግራና በቀኝ መካከል ከግማሽ ዲግሪ በላይ ብዙ አይለያይ፤ ከተለያየ ወደ አነሰው ጎን ትስባለች። በእነዚህ መኪኖች ላይ በቀላሉ የሚስተካከለው የፊት ቶ ብቻ ነው። ካስተርና የኋላ ቶ ከልክ ከወጡ የተጣመመ ብራቾ፣ ቶርሽን ቢም ወይም የተመታ ሻንሲ አለ ማለት ነው፤ ያም በማሽን ሳይሆን ዕቃ በመቀየር ይስተካከላል።

ማሽን ከሌለ፣ መርሳም ሆነ ሐይቅ ላይ ሆናችሁ፣ በክር ይቻላል። ደልዳላ መሬት ላይ መሪውን ቀጥ አድርጋችሁ እሰሩት። በመኪናዋ ግራና ቀኝ በጎማው መሃል ከፍታ ልክ ሁለት ክር ወጥሩ። ክሩ ከፊት ሃብ ያለው ርቀት በግራና በቀኝ እኩል ይሁን፤ ከኋላ ሃብም እንዲሁ። የፊትና የኋላው እርስ በርስ እኩል ላይሆን ይችላል፤ በግራና በቀኝ ጎማ መካከል ያለው ስፋት ከፊትና ከኋላ ስለሚለያይ። አሁን ከቸርኬው የፊት ከንፈር እስከ ክሩ፣ ከኋላ ከንፈሩ እስከ ክሩ ለኩ። የፊት ከንፈሩ ከክሩ የበለጠ ከራቀ ጎማው ወደ ውስጥ ያያል፤ ልዩነቱ የዚያ ጎማ ቶ ነው። ከፊት ጎማዎቹ ሥር ሁለት ሁለት ቁራጭ ላሜራ በመካከላቸው ግራሶ ቀብታችሁ ብታስቀምጡ ጎማው ሳይታገል ይዞራል። ራኩ ከአክስሉ በስተኋላ ስለሆነ የመሪው ዘንግ ሲረዝም ጎማው ወደ ውስጥ ይዞራል። በሩብ ዙር በሩብ ዙር፣ ሁለቱንም ጎን እኩል አድርጉ፤ አለበለዚያ መሪው ዘንበል ብሎ ይቀራል። ማጥበቂያ ዳዶውን ካጠበቃችሁ በኋላ እንደገና ለኩ፤ ሲጠብቅ ዘንጉን ይዞት የሚዞር ብዙ ነው።

7. ከሠራችሁ በኋላ

በጀመራችሁበት መንገድ፣ በዚያው ፍጥነት ሞክሯት። ከዚያ ሐረጎን በሁለተኛና በሦስተኛ ማርሽ ውረዱ። ፍሬኑን ረግጦ ይዞ መውረድ ዲስኩን ያግለዋል፤ ታች ስትደርሱ የሚሰማው መንቀጥቀጥም አዲስ ብልሽት ይመስላችኋል። ፍጥነት የሚቀነሰው ከኩርባው በፊት ነው። ኩርባው ውስጥ ነዳጅ በድንገት ከለቀቃችሁ ክብደቱ ወደ ፊት ሄዶ የኋላ ጎማዎቹ ይቀልላሉ፤ በፊት ጎማ የምትነዳ አጭር መኪና ኋላዋን የምትጥለው በዚህ ነው፣ ጤነኛም ብትሆን።

ሞላ ወይም አሞርዛተር የተቀየረ ከሆነ 500 ኪሎ ሜትር ያህል ከተነዳ በኋላ ይቀመጣልና ቶውን እንደገና አስለኩ። የጎማ ዳዶዎቹንም ያኔ አንድ ጊዜ ፈትሿቸው።